ክክ አይበቅልም

ልጅ ሳለሁ በጓያ ማሳ መሀል ማለፍ ክልክል ነበር። ደምቢያ፣ ከጣና በላይ ባለው ጥቁር መሬት ላይ ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ጓያ ሲያብብ ሰማያዊ ነው፣ ለዐይን ደስ ይላል። እኔ አበባውን ካልቀጠፍኩ ብዬ ስንጠራራ የአጎቴ ልጅ ቀሚሴን ይዞ ወደ ኋላ ይጎትተኝ ነበር። "ጉልበትሽን ይይዘዋል!" ይለኛል። እኩያዬ ነው፣ ግን እንደ ሽማግሌ መምከር ይወድ ነበር። የሚፈራውም ያለምክንያት አልነበረም። በመንደራችን ጓያ የሰበራቸው ሰዎች ነበሩ። ተረከዛቸው መሬት አይነካም፤ በእግር ጣታቸው እየረገጡ፣ ጉልበት ከጉልበት እየተፋተገ፣ ምርኩዛቸውን ከፊት እየተከሉ ነው የሚሄዱት። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ከሩቅ ይለያሉ። አንዱ በማሳው እንፋሎት ነው የተሰበረው ይላል፣ ሌላው ገለባው ላይ ተኝቶ ነው ይላል።

እኔ አሁን አውስትራሊያ፣ በሜልበርን ከተማ ማሪቢርኖንግ ሰፈር ካለው ትልቅ የገበያ ማዕከል ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ የእንፋሎቱን ነገር አላምንም። የሚሰብረው መብላቱ ነው፤ ያውም ሌላው እህል ሁሉ ጠፍቶ ለወራት እሱን ብቻ መብላቱ። ጓያ ክፉ እህል አይደለም። ዝናብ ሲቀር፣ ጤፉም ሽንብራውም ሲከዳ፣ መሬቱ ውስጥ በቀረችው እርጥበት ብቻ ቆሞ የሚጠብቅ እሱ ነው። ድሀን የሚያድነውም የሚሰብረውም ያው አንድ ዘር መሆኑ ገና በልጅነቴ ያስፈራኝ ነበር።

የእኛ ቤት ጓያ ግን የተለየ ነው ይባል ነበር። ፍሬው ደቃቅና ዝንጉርጉር ነው፤ ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ ሳይቋረጥ የተዘራ። ከእኛ ቤት በጓያ የተሰበረ ሰው አልነበረም። ከዘሩ ይሁን፣ ሴቶቹ ዘፍዝፈው ውኃውን ደጋግመው ስለሚደፉት ይሁን፣ እኔ እርግጠኛ አይደለሁም። መንደሩ ግን ከዘሩ ነው ብሎ ያምን ስለነበር ለዘር የሚመጣው ወደ እኛ ቤት ነበር። ልማዱም የታወቀ ነው። "ዘር አጣሁ" ብሎ ደጅ የቆመ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም፤ ዋጋም አይጠየቅም። በልክ የወሰደ፣ አዝመራው ሲገባ ጢም አድርጎ ይመልሳል። ዘር የሰጠው ሰው በተራው ቢያጣ ደግሞ የተቀበለው መከልከል አይችልም። ጠላት እንኳ ቢሆን ዘር ይሰጣል። ከዚህ ውጭ ጓያን ከቁም ነገር የሚቆጥረው አልነበረም። እንግዳ አይስተናገድበትም፣ ገበያ ላይ መጨረሻ የሚጠየቅ እሱ ነው፣ ነጋዴውም በድብቅ ከሽንብራ ዱቄት ጋር ይደባልቀዋል። እንዲህ ላለ እህል ማን ደንብ ያወጣል? ማንም።

አባቴ በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል ወጥቶ እኔን አስከትሎ ሜልበርን ገባ። ፋብሪካ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ወጥቶ ብሬብሩክ በሚባል ሰፈር የመንግሥት ቤት ውስጥ ይኖር ነበር። ሰፈሩን የወደደው በሌላ በምንም አይደለም፣ በአፈሩ ነው። ያ የምዕራቡ ሜልበርን አፈር ጥቁር ነው፤ ክረምት ጫማ ይነቅላል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ገና ቤቱን ሲረከብ ከጓሮው አንድ ጉብታ አንስቶ ፈርፍሮ አሸተተና፣ "ይኼ መረሬ እኮ ነው! የእኛ መረሬ!" ብሎ ጮኸ። የቤቶች መሥሪያ ቤቷ ሴትዮ ደነገጠች። እኔም አፈርኩ፤ ሕፃን አይደለሁ፣ የቤቱን ማሞቂያ እንጂ አፈሩን ማን ያያል ብዬ። ባቄላና ጎመን ተከለበት። ጓያ ቢያገኝ ደስታው ነበር፤ ዘሩ ግን ደምቢያ ነው ያለው፣ በአጎቴ ጎተራ።

አንድ ሰው ቤታችን የመጣው ያን ጊዜ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሁለት ሺህ አሥር በኋላ ባሉት ዓመታት መጀመሪያ ላይ። የእኛው አገር ሰው ነው፣ የተማረ፣ ከከተማው ማዶ፣ ከዳንደኖንግ ወዲያ የሙከራ ማሳ ባለው አንድ የዘር ድርጅት ውስጥ የሚሠራ። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹን እየዞረ "ጓያ የሚዘራ ቤተሰብ ያለው ማነው?" ብሎ ጠይቆ አባቴ ጋ ደረሰ። ሲመጣ ብርቱካን በከረጢት ይዞ፣ ጉልበት ስሞ፣ አንቱ ብሎ ነው። አባቴ ወዲያው ወደደው። እኔ የዚያን ቀን ሺፍት ስላልነበረኝ ቤት ነበርኩ።

"ጋሼ፣ ከቤታችሁ ጓያ የሰበረው ሰው የለም ይባላል። እውነት ነው?"

"እግዜር ይመስገን፣ አንድም የለ።"

"እርስዎም ብዙ በልተዋል?"

"በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሌላ ምን ነበረ ልጄ? ጠዋት እሱን፣ ማታም እሱን።"

ሰውዬው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ "ጋሼ፣ እስቲ ይራመዱልኝ" አለ።

አባቴ ሳቀ። ተነሥቶ ከወንበሩ እስከ ጓሮው በር ድረስ ተራመደ፣ ተመለሰ። ሰውዬው ፊቱን አላየም። ተረከዙን ነበር የሚያየው፣ መሬት መንካቱን። ስልኩን አውጥቶም በቪዲዮ ቀረጸው። ሰውዬው እንደወጣ "በቅሎ ነው እንዴ የሚገዛው?" አልኩት አባቴን። "አንቺ ደግሞ በሰው ሁሉ ታኮርፊያለሽ" አለኝ።

ከመውጣቱ በፊት ሰውዬው ያለው ነገር ነው ሁሉን የወሰነው። ድርጅቱ የማይሰብር፣ ድርቅ የሚችል ጓያ ለዓለም ሁሉ ሊያበቅል እንደሚፈልግ ካስረዳ በኋላ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ጋሼ፣ ዘር አጣሁ ብዬ ነው ደጅዎ የመጣሁት" አለ። ልማዱን ያውቀዋል ማለት ነው። አባቴ ከዚያ በኋላ የሚያስብበት ነገር አልነበረውም። እሑድ ከሰዓት አገር ቤት ማለዳ ነው፤ ለታላቅ ወንድሙ ደወለ። "ጋሼ፣ ዘር አጣሁ የሚል ልጅ እልክብዎታለሁ፤ ይስጡት" አለው። አጎቴም ሰጠ። ሰውዬው ደምቢያ ድረስ ሄዶ ከጎተራው እፍኝ በእፍኝ እየመረጠ ወሰደ። እዚህ ሲደርስ በኳራንቲኑ የዘር ቁጥጥር በኩል እንዴት እንዳሳለፈው ድርጅቱ ያውቃል።

በቀጣዩ ዓመት ነገሩ መልኩን ለወጠ። የድርጅቱ እህል ገዢዎች መንደሩ ድረስ መጥተው ጓያውን በሙሉ፣ የዘሩን ጭምር፣ እንገዛለን አሉ። በምትኩ የተበጠረና የተሻሻለ ዘር ለመዝሪያ ይመልሱላቸዋል። የሚከፍሉት ከገበያው ይሻላል። ለጓያ እንዲህ ያለ ዋጋ ማን ሰምቶ ያውቃል? አጎቴ ግን አመነታና ደወለ። ስልኩ ስፒከር ላይ ስለነበር እኔም ሰማሁ።

"ከግብርና ጽሕፈት ቤት አንድ ልጅ መጥቶ ነበር" አለ አጎቴ። "ደንብ አለ ይላል። ዘራችሁ ከቀበሌው ሲወጣ ሁላችሁም ተሰብስባችሁ ተስማምታችሁ፣ በጽሕፈት ቤቱ በኩል ይሁን፤ ገዢው ይመዝገብ፣ ለመጪው ዓመት የሚዘራውንም ከጎተራችሁ አትጨርሱ አለ። ምን ትላለህ?"

የአባቴ ፊት ሲጠቁር አየሁት። ይህን ለሚያነብ አንድ ነገር ልንገር፤ አባቴ ከአገር የወጣው በእህል ምክንያት ነው። በኮታው ዘመን የቀበሌ ታጣቂዎች ጎተራውን በዘንግ እየወጉ የተደበቀ እህል ይፈልጉ ነበር። ኮታው ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ ገዝቶ ለመንግሥት ያስረክባል። አባቴ "ዘሩንስ ተዉልኝ" ስላለ ተገርፏል፤ ጀርባው ላይ ምልክቱ አለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ "ጽሕፈት ቤት"፣ "ይመዝገብ"፣ "ጎተራ" የሚሉት ቃላት አንድ ላይ ሲመጡበት ሌላ ነገር መስማት አልቻለም።

"ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ጎተራ ውስጥ ገብተው የወጡበት ጊዜ አለ እንዴ?" አለ። "ዛሬ ተመዝገቡ ይላሉ፣ ነገ አምጡ ይላሉ። መንግሥት በዘራችን ምን አገባው? እርስዎ ለልጁ ዘር ሰጥተውታል። ዘር የተቀበለ ሰው ዘር ይመልሳል እንጂ ይከዳል? ልጁ የእኛ ሰው ነው። ያንን የግብርናውን ያባሩት።"

"አባባ፣ የግብርናው ልጅ እኮ አትጨርሱ ነው ያለው፤ አምጡ አላለም" አልኩ።

"አንቺ ኮታን የት ታውቂያለሽ" አለኝ። እውነት ነው፣ አላውቅም። ግን የዚያን ቀን ነገሩ አላማረኝም፤ አንድ ሰው በትህትና ጎተራ ሲያራቁት አይቼ ስለማላውቅ ይመስለኛል። አጎቴ ወንድሙን አክብሮ የግብርናውን ልጅ መለሰው። መንደሩም አጎቴን ተከትሎ ጓያውን ሁሉ ሰጠ። የዘር ማድጋዎቹ ተገልብጠው ተራገፉ።

የተመለሰው ዘር ነጭና ትልልቅ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ዝናቡ ጥሩ ስለነበር አማረ፤ አባቴም በስልክ እየሰማ፣ "አላልኩሽም?" ይለኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ዝናቡ ቀደም ብሎ ቆመ። ነጩ ዘር ገና ሳያብብ ደረቀ። የድሮው ቢሆን በእርጥበቷ ይቆም ነበር አለ አጎቴ። ጤፉም የለ፣ ሽንብራውም የለ። መንደሩ ጓያ ከገበያ እየገዛ፣ ከየት እንደመጣ የማያውቀውን ጓያ፣ መብላት ጀመረ። ውኃውም ስለራቀ እንደ ድሮው ደጋግመው አይደፉትም። አባቴ ይህን ሥራ ቦታ ደውሎ ሲነግረኝ መድኃኒት መቁጠሬን አቆምኩ።

"አባባ፣ ሌላ ነገር ይቀላቅሉበት በሏቸው። እሱን ብቻ እንዳይበሉ።"

"ሌላ ምን አላቸው?" አለኝ አባቴ። እኔ ከደመወዜ፣ እሱ ከጡረታው ገንዘብ ላክን፤ የተላከው ግን መንደሩን ሁሉ አይመግብም። አጎቴ ለራሱ ቤት ብቻ ይዞ ጎረቤት እያየው የሚበላ ሰው አይደለም።

በበልጉ መጨረሻ አጎቴ ደወለ። የጠየቀው እህል አይደለም። "ዘራችንን መልሰህ ላክልኝ" አለ። "ከሰጠኸው ልጅ እፍኝ ብትቀበልልኝ ይበቃኛል። እኔ አባዛዋለሁ። በመስከረም መሬቱን እጠብቃለሁ።" ቀጥሎም፣ "ልጄ ሞፈር ሲከተል ጉልበቴ ይከብደኛል ይላል። ሌሊት ባቱ ይሸማቀቃል" አለ። ቀሚሴን ይዞ ይጎትተኝ የነበረው ልጅ ነው። ለሌላው ሰው ድካም ይመስላል፤ እኔ ምን እንደሆነ አውቄያለሁ፣ አባቴም አውቋል። ሁለታችንም ስሙን አልጠራነውም።

ለሰውዬው ደውዬ ቀጠሮ ቡክ አደረግሁ። አባቴ ለሠርግ የሚለብሳትን ኮት ለበሰ። ከብሬብሩክ ዳንደኖንግ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ነው። እሱ የሄደው ሊለምን አይደለም። ዘር የሰጠ ሰው ዘር ሲያጣ ምን እንደሚል ያውቃል፤ የተቀበለውም ምን እንደሚመልስ። በአባቴ ልብ ነገሩ ያለቀ ነው። ጭንቀቱ ሁሉ የእኔ ነበር።

ከአጥሩ ውጭ ቆመን ማሳውን አየነው። አብቧል። ያ ሰማያዊ አበባ፣ በሜዳው ሙሉ፣ ደቃቁ የእኛ ጓያ፣ በቀጥታ መስመር ተሰልፎ። አባቴ ሽቦውን በሁለት እጁ ጨበጠ። "እዪው፣ ቀጥ ብሎ!" አለ። እንባው ሲመጣ አየሁ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። በሽቦው ላይ መግባት ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ እንደ ልጅነቴ ማለት ነው፣ ምክንያቱ ግን ጉልበት አይደለም።

ሰውዬው ወጥቶ እንደ ድሮው ጉልበት ስሞ ተቀበለን። ሻይ አዘዘልን። አባቴ ሻዩን ሳይነካ፣ ኮቱን ቆልፎ ቆመና፣ "ዘር አጣን" አለ። "ወንድሜ አጣ። እፍኝ ስጠኝ።"

ሰውዬው አንገቱን ደፋ። "ጋሼ፣ እኔ ብችል ኖሮ..."

"እፍኝ ነው ያልኩህ።"

"የእኔ አይደለም ጋሼ። ዘሩ አሁን በድርጅቱ ስም የተመዘገበ ነው። አንዲት ፍሬ ብትወጣ እጠየቃለሁ። ለዘር ለማንም አይሰጥም፣ ሕጉ ነው።"

አባቴ ሊገባው አልቻለም። ወደ እኔ ዞረ፣ እንደ ታናሽ ልጅ፣ የሆነ ነገር እንድለው። እኔም ንዴቴን መያዝ አቃተኝ። "እዚህም ምዝገባ አለ ማለት ነው?" አልኩት ሰውዬውን። "እኛ ስንመዘገብ መንግሥት ሊዘርፈን ነው፤ እናንተ ስትመዘገቡ ሕግ ነው? ደጁ ቆመህ ዘር አጣሁ ያልክ አንተ አይደለህም?"

"እቴ፣ ያን ጊዜ ዘሩ ይመለሳል ብዬ እኔም አምኜ ነው" አለ። ምናልባት እውነቱን ነው። ለእሱ የማዘን ግዴታ ግን አልነበረብኝም፣ አላዘንኩምም። ቢሮው ገብቶ በወረቀት ከረጢት የታሸገ ነገር ይዞ ተመለሰና በሁለት እጁ ለአባቴ አቀረበ። "ይኼን እንኳ ይውሰዱ። ለሽሮ ይሆንዎታል።"

አባቴ ከረጢቱን ከፍቶ አየ። ክክ ነው። የእኛው ጓያ፣ ተከክቶ፣ ቅርፊቱ ተገፍፎ፣ ለሁለት ለሁለት ተፈንክቶ። መዳፉ ላይ አፍስሶ ወደ ብርሃን አስጠጋው።

"ልጄ፣ ክክ አይበቅልም" አለው በቀስታ።

ሰውዬው ይህን አያውቅም ማለት አይቻልም።

የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይባላል። ሰው ሲተርተው ስሰማ እስቅ ነበር። በዚያ ሰሞን አባቴ በየቀኑ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ያንን ክክ በሰፌድ ላይ እየበተነ ሲለቅም አየሁት። ሳይከካ ያመለጠ ፍሬ ይፈልጋል። ከወፍጮ የሚያመልጥ አይጠፋም ይላል። ያገኛቸውን ጥቂት ድፍን ፍሬዎች እርጥብ ጥጥ ውስጥ ሸፈናቸው። እኔ ከሥራ ስመለስ ጥጡን ገልጦ ያሳየኛል። አበጡ፣ ለሰለሱ፣ ከዚያ ሸተቱ። በሙቀት ደርቀው ኖሮ ሕይወት አልነበራቸውም።

ያን ጊዜ ነው ከኩራቱ ወርዶ፣ "ያ የግብርናው ልጅ ስልኩ ይገኛል?" ያለኝ። በአጎቴ በኩል አገኘሁት። ልጁ ትሑት ነው፤ ክፉ አልተናገረም። አባቴ ሁሉን ነገረው፣ መጨረሻ ላይም፣ "እንግዲህ ያ ደንባችሁ ያስመልስልን" አለው።

"አባቴ፣ ደንቡ የሚጠብቀው በእጅ ያለን ዘር ነው" አለ ልጁ። "ገበሬው ዘሩ በእጁ ሳለ፣ ተስማምቶ ተደራድሮ ቢሰጥ ኖሮ፣ ይዘን የምንከራከርበት ነበረን። አሁን ከየትኛው ጎተራ ተወሰደ ብዬ ላሳይ? በመንደሩ ሁሉ ፈለግሁ፣ አንድ ማድጋ እንኳ አላገኘሁም። ሌላ ወረዳ ጥቂት ይኖር እንደሆነ አጠያይቃለሁ።"

አባቴ አመሰገነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን ተረት ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው። ውሻው ራሱ መሆኑ ግልጽ ነበር።

መስከረም ገብቶ አለፈ። የግብርናው ልጅ ከሌላ ወረዳ ያገኘው ጓያ ዝንጉርጉር ነበር፣ ግን የእኛ አይደለም አለ አጎቴ፤ ቢሆንም ዘራው። ከዚያ አንድ እሑድ፣ ከጎንደር ከተማ ለዘመድ ጥየቃ የመጣ ሰው ዘመናዊ ስልክ ይዞ ኖሮ፣ በቪዲዮ ደወሉልን። አባቴ የወንድሙን ፊት ካየ ዓመታት አልፎት ነበር። ተሳሳቁ፣ ተላቀሱ። ከብቱን፣ ቤቱን፣ ዛፉን ሁሉ አሳዩን። የአጎቴ ልጅ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ሰላም ሲለንም አልተነሣም።

አባቴ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ወደ ፊቱ አስጠጋ። "ልጄ" አለው፣ "እስቲ ተራመድልኝ።"

በብሬብሩክ ሳሎን ያን ቃል ስሰማ ሁለተኛዬ ነው። የአጎቴ ልጅ አባቱን አየና ምርኩዙን ፈልጎ ተነሣ። በግቢው መሀል ወደ እኛ መጣ። በጣቱ ነው የሚረግጠው። ጉልበቱ ከጉልበቱ ይፋተጋል፤ ምርኩዙን ከፊት ይተክላል፣ ሰውነቱን ወደ እሱ ይስባል። ተረከዙ አንድም ጊዜ መሬት አልነካም። "በቃህ ልጄ፣ ተቀመጥ" አለው አባቴ።

አልተቀመጠም። ወደ ስልኩ ቀርቦ በአባቴ ትከሻ ላይ እኔን ፈለገኝ፣ አገኘኝም።

"እኔ ማሳው ውስጥ አልፌ አላውቅም" አለኝ። "አንቺ ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ" አልኩት።